ከፊሊክስ ጋር የተሸኘሁ ዕለት

እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው አሁን ካላመናችሁኝ በኋላ እንደማታምኑኝ ስለማውቅ ነው።

ሰውዬው ፊሊክስ ይባላል። ከአውሮፓ በበጎ ፈቃድ ሊያስተምር ሚዛን ከተማ የመጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ስትነካው ቲማቲም የሚመስል ልጅ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ተመድቦ ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር እንግሊዝኛ አስተማረ። ከእኔ ጋር ስል በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰሌዳ፣ ከአንድ የጠመኔ ሳጥን ማለቴ ነው። የሰሌዳውን ግራ እኔ እይዛለሁ፣ ቀኙን እሱ። ተማሪው ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚያየው።

ምን አድርጎ እንዲህ ተወደደ ብላችሁ ጠይቁኝ። ምንም! እኔ ቆጮ ስበላ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም፤ አንድ ሰው ምሳውን በላ፣ በቃ። ፊሊክስ ቆጮ ሲጎርስ ግን ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል። ጨሞ የሚባለውን፣ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ በሚጥሚጣ የሚያቃጥለውን የአገሩን መጠጥ አንድ ጊዜ ቀምሶ ዓይኑ እንባ ቢያቀርር «አይ ፊሊክስ፣ የኛ ልጅ!» ተባለ። ያንኑ ጨሞ ስንት ዓመት ስጠጣ የማንም ልጅ ሆኜ አላውቅም። ከአገሩ ቋንቋ ከቤንችኛ የሚያውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። እሷን ይዞ ገበያ ሲገባ እናቶች ሙዝ እቅፉ ሙሉ ያሸክሙታል። እኔ ሰላምታውን ከነመልሱ፣ የልጆቻቸውን ጤና ከመጠየቅ ጋር እያወቅኩ ሙዜን በገንዘቤ ነው የምገዛው።

የማስተማር ዘዴውንማ ተዉት። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ሰዋስው አስረድቼ ስጨርስ እሱ ይነሣና ተማሪዎቹን እያዘለለ ያዘፍናቸዋል። ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ወንድሙ በመስኮት አይተው «ዘዴ ማለት ይህ ነው!» አሉ። በማግስቱ እኔም እስቲ ብዬ ባዘልላቸው፣ እኚሁ ጋሽ ወንድሙ በሩ ላይ ቆመው «ምንድነው ይህ ሁካታ? ልጆቹን ምን አደረግሃቸው?» አሉኝ።

እሺ፣ ትንሽ ቀንቼ ይሆናል።

ስለ እኔም ትንሽ ልንገራችሁ። ወልቂጤ ነው የተወለድኩት። ሚዛን ስመደብ ፀጉሬ ሙሉ ነበር፤ የዛሬውን አታንሡት። በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ ጋሽ ወንድሙ «በርታ» እያሉ ይፈርሙልኛል፤ መልስ የሚባል ነገር ግን መጥቶ አያውቅም። ዘንድሮ ሰልችቶኝ ጭራሽ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይህቺን ያዙልኝ። ሌላ የምትይዙልኝ ነገር ጋውኔ ነው። ነጭ ነበር፤ አሁን ቀለሙን ለመናገር ያስቸግራል። ክርኑ ተቀዶ፣ ኪሱ ወልቆ፣ ጠመኔዬን በእጄ ነው ይዤ የምዞረው። በየስብሰባው መጨረሻ «ልዩ ልዩ» የሚባለው ላይ ሲደረስ እጄን አወጣለሁ፤ ሰዉ ገና እጄን ሲያይ «የጋውኑ ጉዳይ!» ብሎ ይስቃል፤ ስብሰባው ይበተናል።

እናም አንድ ቀን፣ እረፍት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ወንድሙ መምህራን ክፍል ገብተው «ፊሊክስ ጊዜውን ጨርሷል፤ ቅዳሜ ይሄድብናል» አሉ።

ያን ጊዜ የሆነውን ብታዩ! የሒሳብ አስተማሪያችን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ደረጀ የሚባለው የባዮሎጂ አስተማሪ፣ ኳስ ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ እንኳ ቀልድ ያወራ የነበረው ሰው፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። «ጦር ይገዛለት!» አለ አንዱ። «ጦር ብቻውን? ጋሻም ይጨመር እንጂ!» «ማርስ? የጌጫ ማር ሳይዝ ሊሄድ ነው?» «አውራ ዶሮ እኔ አመጣለሁ!» ይህን ያለው ደረጀ ነው። ሰው አውራ ዶሮ ይዞ አውሮፓ እንዴት እንደሚገባ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቆሽቴ እያረረ ነው። እኔ ብሄድ ማር የሚያስብልኝ አለ? አውራ ዶሮውስ ይቅር፣ እንቁላል የሚያስብልኝ አለ? በዚህ መሃል ጋሽ ወንድሙ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የቅርብ ወዳጁ ስለሆንክ በፕሮግራሙ ላይ ታስተረጉማለህ» አሉኝ።

«እኔም እኮ ዝውውሬ ደርሷል» አልኩ።

ምን ቆርጦኝ እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አፌ ለብቻው ነው የተናገረው፤ እኔ ራሴ እንደ ማንኛውም ሰው ዜናውን የሰማሁት ያኔ ነው።

ሰዉ አንገቱን ወደ ጥጉ አዞረ። አሁን ማልቀስ ይጀምራሉ ብዬ ነጠላዋን ጠበቅኩ። ነጠላዋ ከቦታዋ አልተነሣችም። መጀመሪያ የተናገረው ደረጀ ነበር፤ «ቤትህን ለማን ልትለቅ ነው?» አለኝ። ጋሽ ወንድሙ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ።

«እንኳን ደስ አለህ። የት ደረሰህ?»

ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ካርታ ተሰቅሏል። ዓይኔ ያረፈበትን «ጅማ» አልኩ። እዩልኝ፣ ስዋሽ እንኳ ወልቂጤ ማለት አልቻልኩም።

«ጥሩ ከተማ ነው። እንግዲህ ሁለታችሁንም ባንድ ላይ እንሸኛለን» አሉና ወጡ።

ወሬ በሚዛን ከባጃጅ ይፈጥናል። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ስሄድ ሁሌ ሙዝ የምትሸጥልኝ ሴትዮ ከሩቅ ጠራችኝ። ከነዘለላው የተቆረጠ ሙዝ አንሥታ እጄ ላይ ጣለችልኝና እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ያዘችኝ። «የመንገደኛ ብር አልቀበልም ቲቸር። ጅማ ሙዝ የለም፣ ብላ።» ጅማ ሙዝ ሞልቷል፤ ግን ክርክር ውስጥ አልገባሁም። ያን ሙዝ እንደ ሽልማት ታቅፌ ሄድኩ። በዚያች ደቂቃ ነው እውነቱን ለመናገር የነበረኝ ጥቂት ድፍረት የጠፋው። ሰው ገና አንድ ቀን ተወዶ በማግስቱ ውሸቴን ነው ይላል?

ቤት ስደርስ አከራዬ እትዬ አስካለ በራፉ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እኚህ ሴትዮ ፊሊክስ መንገድ ላይ ሲያልፍ «ፊሊክሴ፣ ከሳህ እኮ!» እያሉ የተቀቀለ ጎደሬ የሚያጎርሱ፣ እኔ ታምሜ ስተኛ ደግሞ «ተነሥ፣ መተኛት ነው የሚያሳምምህ» የሚሉ ናቸው። አሁንም ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ «ቅዳሜ ትለቃለህ አሉ፤ የወንድሜ ልጅ ከቴፒ እየመጣ ነው፣ ክፍሉን ለሱ እሰጣለሁ» አሉኝ። ሙዙን አዩና ግማሹን ቆርጠው ወሰዱ።

ጉድ ፈላ። ክፍሌ ለሌላ ተሰጠ፤ አልጋዬን ደረጀ «አደራ እይዝልሃለሁ» ብሎ በጋሪ አስጭኖ ወሰደው። ሐሙስ ዕለት ነገሩ ከእጄ ሲወጣ ታየኝና ጋሽ ወንድሙ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሽ ወንድሙ፣ ያ የዝውውሩ ነገር…»

«ተወው፣ ተወው፤ ስጦታህ ተገዝቷል» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እሱ ሳይሆን፣ ምናልባት ትንሽ ስሕተት…»

«ሰው ሲሄድ ይጨንቀዋል፤ ያለ ነው። ሂድ ክፍልህ ግባ፤ ደወል ተደውሏል።»

ወጣሁ። ምን ልበል? ስጦታ ተገዝቷል የሚለው ቃልም ትንሽ አስጎምጅቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ማለቴ፣ ከዚህ በኋላ አልዋሽም።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ባነሩ ላይ «ፊሊክስ፣ መቼም አንረሳህም» የሚል ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ተንጣሏል። ከግርጌው፣ ጠርዙ ላይ፣ በማርከር የእኔ ስም ተጨምሯል፤ ቦታ ስላልበቃ የአባቴ ስም ወደ ታች ታጥፏል። አዳራሹ ውስጥ ካለ ሰው ሁሉ ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ማስተርጎሙ መጣ። ፊሊክስ ተራ ወሬ ይገባዋል፤ ንግግር ሲሆን ግን ይጠፋበታል። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ ያወድሰዋል፤ እኔ ውዳሴውን በገዛ አፌ ወደ እንግሊዝኛ ልመልስ። እስቲ ይታያችሁ! የሒሳብ አስተማሪዋ «እንዳንተ ያለ መምህር በዚህ ግቢ ታይቶ አይታወቅም» ስትል፣ ያንን ማለት ያለብኝ እኔ፣ በዚያው ግቢ ያረጀሁት። መጀመሪያ ላይ በትክክል ተረጎምኩ። ቀጥሎ ማሳጠር ጀመርኩ። የወላጆች ተወካይ አባባ ወልዴ ተነሥተው፣ ፊሊክስ ልጃቸውን እንዴት እንዳስነበበላቸው፣ ጠፍቶ የነበረ በሬያቸውን ሲፈልጉ እንዴት በጭቃ አብሯቸው እንደዞረ፣ እንዴት እንደ ልጅ እንዳዩት፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሰዉ እንባውን ይጠርጋል። ሲጨርሱ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ደህና ግባ ነው የሚሉህ» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ፊሊክስ አየኝ፣ አባባ ወልዴን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ። «ይሄ ሁሉ?» አለኝ በአማርኛ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግንባሬን ጠረግኩ።

ስጦታ ሆነ። ለፊሊክስ ጦርና ጋሻ፣ ማር በቅል፣ እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ፤ በእያንዳንዱ እልልታ። ለእኔ አንድ በአበባ ወረቀት የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር። ጋሽ ወንድሙ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «ጅማ ስትደርስ ነው የምትከፍተው» አሉ። በጣቴ ጫን አደረግኩት፤ ለስላሳ ነው። ፎጣ! ለሱ ጦር፣ ለኔ ፎጣ! ለምን ይዋሻል፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰዉ የመለየት እንባ መስሎት አጨበጨበልኝ። አባባ ወልዴ መረቁን። ፊሊክስን አገሩ በሰላም እንዲገባ፣ ልጅ እንዲወልድ፣ እናቱን በጤና እንዲያገኝ ለረጅም ጊዜ መረቁት። ወደ እኔ ሲደርሱ ራሴን ዳሰስ አደረጉና «አንተም በሰላም ሄደህ በሰላም ተመለስ» አሉ። እንዴ፣ ምርቃቱ እንኳ የኔ አይደለም፤ ገበያ ለሚሄድ ሰው የሚባል ነው ብዬ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ የጅማው አውቶቡስ በሰው ተከቧል። ሰዉ የተሰበሰበው በፊሊክስ መስኮት በኩል ነው። እጁን የሚስም፣ የሚያለቅስ፣ እስከ ከተማው መውጫ በባጃጅ አጅቤ ልሂድ የሚል። እኔ በሌላው መስኮት በኩል ነኝ። እዚያ የነበሩት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አቀበሉኝና «ለሁለት ቀን ይበቃሃል» አሉኝ። ለፊሊክስ እስከ አውሮፓ የሚያደርስ ስንቅ ተጭኗል፤ ለኔ የሁለት ቀን። «እትዬ አስካለ፣ አልናፍቅዎትም?» ልላቸው ፈለግኩ፤ አፈርኩ። «ቁልፉ መደርደሪያው ላይ ነው» ብቻ አልኳቸው።

ረዳቱ ጦሩን ሲያይ «ይሄማ አይሳፈርም!» ብሎ ጮኸ፤ የፊሊክስ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ «እንግዲያው አንተ ጋ ይሁን» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እንዲህ ሆነን ተነሣን። ጦሩ በትከሻዬና በመስኮቱ መሃል፣ ማሩ ጭኔ መሃል፣ አውራ ዶሮው ከእግሬ ሥር፣ ፎጣዬ ከዶሮው አጠገብ። ፊሊክስ ከጎኔ ተቀምጦ ያለቅሳል። እኔም ማልቀስ አማረኝ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ጅማ ማንንም አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼ ሲሰለፉ እኔ የማላውቀው ከተማ ውስጥ ሥራ የሌለኝ፣ ቤት የሌለኝ፣ አልጋዬን ባዮሎጂ አስተማሪ የተኛበት ሰው ነኝ። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ግን ይህ አይደለም። ሄድኩ ስል አንድ ሰው እንኳ «ምነው፣ ቅር እንጂ» አለማለቱ ነው።

መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ሺሺንዳ ልንደርስ ስንል ከእግሬ ሥር የወረቀት መቀደድ ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ብል አውራ ዶሮው ስጦታዬን በመንቆሩ እየቆነጠረ ዘንጥሎታል። ነጠቅኩት። በተቀደደው በኩል ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ ፎጣ አይደለም። ሳወጣው እጅጌ መጣ። ከዚያ ሌላ እጅጌ።

ጋውን ነው። አዲስ፣ ነጭ ጋውን። ኪሱ ውስጥ አንድ ነጭና አንድ ቀይ ጠመኔ። ደረቱ ላይ በሰማያዊ ክር ጥልፍ አለ። ፊሊክስ እንባውን ጠርጎ ጣቱን ክሩ ላይ አደረገና ፊደሉን እንደ ጀማሪ ተማሪ አንድ በአንድ እየለቀመ አነበበ። የትምህርት ቤታችን ስም ነው። ከሥሩ የእኔ ስም፣ ከነአባቴ፣ ሳይታጠፍ።

ክው አልኩ። የሚሄድን ሰው የሚለቀውን ትምህርት ቤት ጋውን ማን ያለብሰዋል? ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ በራልኝ። ዝውውር ያለ ጋሽ ወንድሙ ፊርማ አይጠየቅም፤ ዘንድሮ እንዳልጠየቅኩ ከእኔ ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ያወለቁት ሳቃቸውን ሊውጡ ነበር። እሳቸው ካወቁ ደረጀ አወቀ፣ ደረጀ ካወቀ ሚዛን አወቀ። አባባ ወልዴ «ተመለስ» ያሉት ለዚህ ነው። ቆጮውም የሁለት ቀን የሆነው ለዚህ ነው፤ አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን መምጫ! ይህ ሁሉ ሕዝብ ቅናቴን አይቶ፣ ይሸኝ ካለ እንሸኘው ብሎ ሸኘኝ። አፈርኩ። ደስ አለኝ። እንደገና አፈርኩ።

ቀና ስል ፊሊክስ ጋውኑን እያየ ነው። እጅጌውን በሁለት ጣቱ ይዞ አይለቅም።

«ለእኔ ይሄ የለም» አለ ቀስ ብሎ።

«ጦር ሰጥተውህ!»

«ጦር ቆንጆ ነው። ግን ጦር ለእንግዳ ነው። ሁለት ዓመት አስተማርኩ፤ ጋውን አልሰጡኝም። ስሜ በክር የለም።»

ፊቱን አየሁት። ያንን ፊት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በመስታወት ሳየው የኖርኩት ነው። ፊሊክስ ቀንቷል! በእኔ! ደስታው ገደለኝ፤ ለትንሽ ጊዜ አጣጣምኩት። ቀጥሎ ግን አንጀቴን በላኝ። ይህ ልጅ እኮ እውነቱን ነው፤ የሚሄድ ሰው እሱ ነው፣ ሰኞ የሚሰለፍለት ተማሪ የሌለው እሱ ነው። እኔ በጦርና በማር ስቃጠል አጠገቤ ያለው ሰው እየሄደ መሆኑን አላየሁም ነበር።

አውቶቡሱ ሺሺንዳ ለቁርስ ሲቆም ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። ፊሊክስም ተከትሎኝ ወረደ።

«ጅማስ?» አለኝ።

«ጅማ ትቆይ።»

ሳቀ። ለካ እሱም ያውቅ ኖሯል። አውራ ዶሮውን አውጥቶ አቀፈኝ፤ ማለቴ ዶሮውን አስታቀፈኝ፣ ቀጥሎ እኔን ከነዶሮው አቀፈኝ። «አውሮፕላን ዶሮ አይወስድም» አለ።

«ፊሊክስ» አልኩት፣ «አባባ ወልዴ ዓርብ ያሉህ ደህና ግባ ብቻ አይደለም። እንደ ልጄ ነህ ብለዋል። ከበሬው ይልቅ አንተ ጭቃ ውስጥ ትጠፋለህ ብዬ ነበር የፈራሁት ብለዋል። ቤቴ ቤትህ ነው ብለዋል። እኔ ደግሞ የራሴን ልጨምር፤ ያ የሰሌዳው ቀኝ በኩል ባዶ ሲሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህን ሳላሳጥር ነው የነገርኩህ።»

ትከሻዬን ጨብጦ ወደ አውቶቡሱ ወጣ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ጦሩ ነው መጨረሻ የታየኝ።

ወደ ሚዛን ሙዝ ሊጭን በሚወርድ ባዶ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ጉም ስለነበረ በረደኝ፤ ጋውኑን ለበስኩና ዶሮዬን ታቅፌ እላይ ተቀመጥኩ። በየመንገዱ ያሉ ልጆች ሐኪም መስዬአቸው እጃቸውን ያውለበልቡልኛል፤ እኔም አውለበልባለሁ።

ግቢ ስገባ እትዬ አስካለ ልብስ ያሰጣሉ። የክፍሌ በር ክፍት ነው፤ አልጋዬ ከነፍራሹ ቦታው ላይ ተዘርግቷል። የወንድም ልጅ የሚባል ሰው የለም፤ ኋላ ስሰማ እትዬ አስካለ ወንድምም የላቸውም።

ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መጣህ? እኔ እኮ ለነገ ነበር የጠበቅኩህ» አሉ። ጠጋ ብለው የጋውኑን ኮሌታ አስተካከሉልኝ። «ልክህ ነው። ትከሻው ይሰፋል ብዬ ለልብስ ሰፊው ስከራከር ነበር።»

አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸው ዶሮው ላይ አረፈ።

«ውይ! የፊሊክሴ ዶሮ!» ብለው ከእጄ ነጠቁት። ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ እንባቸውን በላባው እየጠረጉ ወደ ቤት አስገቡት፤ በቆሎ በተኑለት፣ ውሃ አቀረቡለት፣ ብርድ መታህ እያሉ ጠየቁት። እኔ በአዲሱ ጋውኔ ደጅ ቆሜአለሁ፤ እስካሁን ግባ ያለኝ የለም።

እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም። ግን ያ ዶሮ መጪው በዓል ሲደርስ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።